ክሪብ፦ የቆሮሶን ድንክዬ ዘመድ ቤት ውስጥ በጥንድ ማኖርና ማራባት

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብላችሁ የቆሮሶ ጥብስ በልታችሁ ታውቃላችሁ? ቆሮሶ ሲክሊድ ከሚባለው ትልቅ የዓሣ ቤተሰብ ነው። ዛሬ የማወራላችሁ ደግሞ የዚያው ቤተሰብ ድንክዬ ናት። ጣት የምታህል፣ ሆዷ እንደ ቀይ ሥር የቀላ፣ ጫጩቶቿን እንደ ዶሮ አስከትላ የምትዞር ዓሣ። ስሟ ክሪቤንሲስ ነው፤ አርቢዎች አሳጥረው ክሪብ ይሏታል። ሳይንሳዊ ስሟ ፔልቪካክሮሚስ ፑልከር። ፑልከር በላቲን ቆንጆ ማለት ነው፤ ስም አውጪው አልዋሸም።

አገሯ ደቡብ ናይጄሪያና የካሜሩን ጠረፍ ነው። ከምትገኝባቸው ወንዞች አንዱ ናይጄሪያ፣ ዴልታ ግዛት ውስጥ ያለ «ኢትዮፕ» የሚባል ወንዝ ነው። ስሙን መጀመሪያ ሳነብ የፊደል ግድፈት መስሎኝ ነበር። እዚያ ውሃው ሞቃት፣ ለስላሳ (ኖራና ማዕድን ያነሰበት) እና ትንሽ አሲድነት ያለው ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

ከድንክዬ ሲክሊዶች ሁሉ ለጀማሪ ክሪብን የምመክረው ምክንያት አለኝ። ራሚሬዚ የሚባለው የደቡብ አሜሪካ ዓሣ መልኩ ይበልጣል። ግን 28 ዲግሪ ገደማ ሙቀትና በጣም ለስላሳ ውሃ ይፈልጋል፣ ትንሽ ሲከፋው ደግሞ ይሞታል። አፒስቶግራማ የሚባሉት ብዙዎቹ አንድ ወንድ ለሁለት ለሦስት ሴት ናቸው፤ ሰፊ ቦታ ይጠይቃሉ። ክሪብ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ለአንድ ትኖራለች፣ የቧንቧ ውሃ ትችላለች፣ ጥፋት ይቅር ትላለች። የእኔን ብዙ ይቅር ብላለች።

1. አኳሪየሙ

ለአንድ ጥንድ 60 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 30 ስፋት፣ 30 ከፍታ ይበቃል ይባላል። 54 ሊትር መሆኑ ነው። ይበቃል፤ ግን ባልና ሚስት ሲጣሉ መሸሻ የለም። አቅም ካላችሁ 80 በ35 በ40 አድርጉት። ከፍታው ላይ ገንዘብ አታፍስሱ። ክሪብ ወለል ለወለል የምትኖር ዓሣ ናት፤ መስፋት ያለበት መሬቱ ነው።

መስታወት ቤት የምታሠሩ ከሆነ ሁለት ነገር ተናገሩ። መስታወቱ 6 ሚሊሜትር ይሁን፣ ከላይም ማጠናከሪያ ይግባለት። ሲሊከኑ ደግሞ ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ፀረ ሻጋታ የተጨመረበት አይሁን፤ እሱ ዓሣ ይመርዛል። ማሸጊያውን አንብቡ። ሥራው ሲያልቅ ሽታው እስኪጠፋ አንድ ሳምንት ይድረቅ። ከዚያ ግቢ ውስጥ ሞልታችሁ አንድ ቀን አሳድሩት። የሚያፈስ ከሆነ እዚያው ያፍስስ እንጂ ሳሎን ምንጣፍ ላይ አይሁን። 80 በ35 በ40 የሆነው ሲሞላ ውሃው ብቻውን ከ100 ኪሎ ያልፋል፤ የቲቪ ማስቀመጫ ላይ እንዳታስቡት።

ቀጥሎ ሙቀት። አዲስ አበባ ላይ ክረምት ሌሊት የእኔ ሳሎን 16 ዲግሪ ይገባል። ክሪብ ከ25 እስከ 27 ትፈልጋለች። «ለአንድ ሊትር አንድ ዋት» የሚለው ደንብ ቤታቸው ለሚሞቅ ሰዎች ነው። እኔ ለ100 ሊትር 150 ዋት ሂተር ነው የማስገባው። ሂተሩ ቴርሞስታት (ሙቀቱ ሲደርስ ራሱን የሚያጠፋበት) ይኑረው፤ ቢኖረውም ግን አትመኑት፣ ለብቻው ቴርሞሜትር አስገቡ። ውሃ ከመቀነሳችሁ በፊት ሂተሩን ነቅላችሁ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ትኩስ ብርጭቆ ከውሃ ሲወጣ እንዴት እንደሚሰነጠቅ በገዛ ገንዘቤ ተምሬዋለሁ። የኤሌክትሪክ ገመዶቹ ከሶኬቱ ዝቅ ብለው ታጥፈው ወደ ላይ ይመለሱ፤ ገመዱን ተከትሎ የሚወርድ ጠብታ ሶኬት ውስጥ ሳይገባ ወለል ላይ ይንጠባጠባል።

ፊልተር ስፖንጅ ይሁን፣ በአየር ፓምፕ የሚሠራው። ርካሽ ነው፣ ድምፁም ትንሽ ይረብሻል፤ ግን ጫጩት አይውጥም። በሞተር የሚስበው ፊልተር ሦስት ሚሊሜትር ጫጩት ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ አትጠይቁኝ።

አየሩን በተመለከተ ረዘም አድርጌ ላውራ፣ ምክንያቱም ሌላ ቦታ አታገኙትም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ውሃው ውስጥ የሚሟሟው ኦክሲጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ውሃ ሲሞቅ ደግሞ ኦክሲጅን የመያዝ አቅሙ ይወርዳል። እኛ ደግሞ ለማራባት ብለን ውሃውን እናሞቃለን። ሌሊት ተክሎቹም ኦክሲጅን ይሻማሉ። ስለዚህ የውጭ መመሪያ «አየር ፓምፕ ግዴታ አይደለም» ሲላችሁ፣ ጸሐፊው ከባሕር አጠገብ ተቀምጦ ነው የጻፈው በሉ። ጠዋት መብራት ከማብራታችሁ በፊት ዓሦቹን ተመልከቱ። አፋቸውን ወደ ውሃው ገጽ ሰቅለው ቶሎ ቶሎ የሚተነፍሱ ከሆነ አየሩ አንሷል። ፓምፑ ቀንም ሌሊትም ይሥራ።

2. ወለል፣ ዋሻ፣ ተክል

ደቃቅ አሸዋ፣ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ውፍረት። ክሪብ ቆፋሪ ናት፤ ጠጠር ላይ ካስቀመጣችኋት ሥራ ፈት ትሆናለች። የወንዝ አሸዋ በደንብ ከታጠበ ይሆናል። በባልዲ እያማሰላችሁ ውሃው ጥርት እስኪል እጠቡት፤ ሃያ ጊዜም ሊሆን ይችላል። ከዚያ ጭብጥ የምታህል ወስዳችሁ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉባት። ከተንፈቀፈቀች ኖራ አለባት፤ ውሃውን ታጠነክራለች። ሌላ ፈልጉ። ድንጋይም እንዲሁ ይፈተናል።

ዋሻው ዋናው ዕቃ ነው። ክሪብ እንቁላሏን የምትጥለው በጨለማ ዋሻ ጣሪያ ላይ ነው፣ ተገልብጣ። ትንሽ የሸክላ አበባ መትከያ ገዝታችሁ ድፉት። ከአፉ ጠርዝ ላይ 3 ወይም 4 ሴንቲሜትር ያህል ሰብራችሁ በር አውጡለት፣ የተሰበረውን በአሸዋ ወረቀት አለስልሱት። በሩ ሴቷ እንደ ልብ የምትገባበት፣ ወንዱ ግን ተጨናንቆ የሚያልፍበት ቢሆን ትመርጣለች። በቀለም ወይም በሚያብረቀርቅ ቅብ የተቀባ ሸክላ አይሁን። ለሁለት የተከፈለ የኮኮናት ልጣጭም ይሠራል፣ ደጋግማችሁ ከቀቀላችሁት በኋላ። አሮጌ ጀበና ያሰባችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እኔም አስቤ ነበር። ሸክላው ስንት ዓመት ቡና ጠጥቷል! ተዉት።

ለአንድ ጥንድ ሦስት ዋሻ አስገቡ። አንዱ ለቤት፣ ሌሎቹ ለኩርፊያ። በራቸው ወደ እናንተ ፊት ለፊት አይዙር፤ ወደ ጎን ይሁን። እንደዚያ ሲሆን እነሱም አይደነግጡም፣ እናንተም ከጎን በስልክ መብራት አብርታችሁ ታያላችሁ።

ተክል ካገኛችሁ አኑቢያስ ወይም ጃቫ ፈርን፤ ሁለቱም እንጨት ላይ ታስረው ይበቅላሉ፣ ቁፋሮው አይነቅላቸውም። ከላይ ተንሳፋፊ ተክል ቢኖር ብርሃኑን ያለዝበዋል።

3. ውሃው

ለጀማሪ ብዙውን ጊዜ ዓሣ የሚገድልበት ጥድፊያ ነው። የዓሣ ቆሻሻና የተረፈ ምግብ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ መርዝ ነው። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይረዋል፤ እሱም መርዝ ነው። ሌላው ወደ ናይትሬት ይቀይረዋል፤ እሱን ውሃ በመለወጥ ትቀንሱታላችሁ። እነዚህ ባክቴሪያዎች ስፖንጁ ላይ እስኪሰፍሩ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። እርሾ ሳይኖር ሊጥ እንደመጠበቅ ነው። እርሾ ካለ ግን ይፈጥናል፦ ጤነኛ አኳሪየም ካለው ሰው አሮጌ የስፖንጅ ቁራጭ ለምኑ፣ እርጥብ እንደሆነ አምጥታችሁ ከእናንተው ጎን አስገቡት።

በዚህ ጊዜ ዓሣ የለም። በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣል አድርጉ፣ ሂተሩም ፓምፑም ይሥሩ። በመመርመሪያ ጠብታ አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ፣ ናይትሬት ደግሞ መታየት ሲጀምር ዝግጁ ናችሁ። ከዚያ በፊት አይደለም። የሚያዩት ባዶ አኳሪየም ጎረቤቶቼን ሲያስቃቸው ከርሟል፤ ይሳቁ።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው። በባልዲ ቀድታችሁ፣ የአየር ድንጋይ ከትታችሁ 24 ሰዓት አንቦቅቡቁት፤ ይወጣል። ወይም የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ተጠቀሙ። ሮቶ ያላችሁ «የእኔ ውሃ ከርሟል» ብላችሁ አትዘናጉ። አንድ ጊዜ ውሃ በፈረቃ ሆኖ ሦስት ቀን ጠፍቶ፣ ሌሊት መጥቶ ሮቶውን ሞልቶት ነበር። እኔ ጠዋት የቆየ ውሃ መስሎኝ ሁለት ባልዲ ለወጥኩ። የ12 ቀን ጫጩቶች ነበሩ። እስከ ምሳ አንድም አልተረፈ። ወላጆቹ ተርፈዋል። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ደግሞ የእናንተ ውሃ ክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ የተዋሃዱበት) ነው፤ እሱ በማስቀመጥ አይወጣም፤ ማከሚያ ፈሳሽ ግዴታ ነው።

ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ 7 ገለልተኛ ነው፣ ከዚያ ሲያንስ አሲድ) ላይ አትጨነቁ፤ ከ6.5 እስከ 7.2 ባለው ክሪብ ትኖራለች፣ ትራባለች። አንድ የሚገርም ነገር ግን አለ። የጫጩቶቹን ፆታ የሚወስነው ዘር ብቻ አይደለም። በመጀመሪያው ወር ውሃው አሲድነቱ ከበዛ ወንዶች ይበዛሉ፣ ወደ ገለልተኛው ሲጠጋ ሴቶቹ ይበረክታሉ። ይህ በላቦራቶሪ ተፈትኖ የታየ ነው። ስለዚህ «ወንዟ አሲድ ነው» ብላችሁ ውሃውን 5.5 ካወረዳችሁት፣ መቶ ጎረምሳ ይዛችሁ ሚስት ፍለጋ ትዞራላችሁ። 6.8 አካባቢ ጥሩ ነው። ውሃችሁ ጠንከር ካለ ንጹሕ የዝናብ ውሃ ቀላቅሉ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ የመጀመሪያው ዝናብ ካጠበ በኋላ የተቀዳውን። መድኃኒት ያልተረጨ የጓቫ ደረቅ ቅጠል፣ ዘይቱን የምንለው፣ ሁለት ሦስት ብታስገቡ ውሃው እንደ ቀጭን ሻይ ይቀላል። ፒኤቹን ብዙም አይነካውም፤ እነሱ ግን ይረጋጋሉ። የፒኤች ማውረጃ ኬሚካል አትግዙ። የሚገድላቸው ቁጥሩ ሳይሆን መውጣት መውረዱ ነው።

4. ጥንዱ

ጥንድ አይገዛም። ይህን አንድ ነገር ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል።

ሱቅ ውስጥ «ይኸው ጥንድ» ብለው ሁለት ዓሣ በላስቲክ ይሰጧችኋል። አንዱ ወንድ፣ አንዷ ሴት ስለሆኑ ብቻ ባልና ሚስት አይሆኑም። የመጀመሪያዎቹን እንዲህ ነው የገዛሁት። በአራተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ወንዱ ከሂተሩ ጀርባ ተለጥፎ ቆሟል። የጅራቱ ግማሽ የለም። ሴቷ ከፊት ለፊቱ ወዲያ ወዲህ ትላለች። በቁመት ከእሷ ሁለት ሴንቲሜትር ይበልጣል፤ ምንም አልጠቀመውም። በማግስቱ ሞቶ አገኘሁት።

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። ገና 3 ወይም 4 ሴንቲሜትር የሆኑ ስድስት ወጣቶች ግዙ። ከተቻለ ከሁለት የተለያየ ቦታ፣ ወንድምና እህት እንዳይሆኑ። አብረው ይደጉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለቱ አንድ ጥግ ይይዛሉ፣ ሌሎቹን ማባረር ይጀምራሉ። እነዚያ ናቸው ጥንዶቹ። የቀሩትን ቶሎ አውጡ፤ ሳትዘገዩ።

ፆታቸውን ለመለየት ቅርጹን እዩ። ወንዱ ረዘም፣ ቀጠን ይላል፤ የጀርባና የታች ክንፉ ጫፍ ሹል ነው፣ የጅራቱ መሃልም ወደ ኋላ ይሾላል። ሴቷ አጠር፣ ክብ ትላለች፤ የክንፎቿ ጫፍ ድቡልቡል ነው፣ ሆዷ ሐምራዊ ቀይ። ሱቅ ውስጥ ስለሚደነግጡ ቀለማቸው ይደበዝዛል፤ በቀለም አትምረጡ። ክንፉን ዘርግቶ የሚሄድ፣ ሆዱ ወደ ውስጥ ያልገባ፣ ምግብ ሲጣል የሚሮጥ ምረጡ። ነጭ ክር የመሰለ ዓይነ ምድር የሚያንጠለጥል ካያችሁ ከዚያ ገንዳ ምንም አትግዙ።

ቤት ስትደርሱ ላስቲኩን ውሃው ላይ 20 ደቂቃ አንሳፍፉት። ከዚያ በየአምስት ደቂቃው ከአኳሪየማችሁ ውሃ በቡና ስኒ እየጨመራችሁ እስከ 45 ደቂቃ አለማምዷቸው። ዓሦቹን በመረብ አውጡ፤ የሱቁን ውሃ ወደ እናንተ አታፍስሱ።

የመጣመሩ ነገር ደስ ይላል። በእኛ ወግ ሽማግሌ የሚልከው የወንዱ ወገን ነው። በክሪብ ቤት ጠያቂዋ ሴቷ ናት። ወንዱ ፊት መጥታ ሰውነቷን እንደ ቀስት ታጥፋለች፣ ያን የቀላ ሆዷን ታሳየዋለች፣ ትንቀጠቀጣለች። እሱ ዞር ካለ ቀድማው ትዞራለች። ይህን ካያችሁ ነገሩ እየያዘ ነው።

ከእነሱ ጋር ሌላ ዓሣ ካላችሁ ከላይ የሚዋኝ ትንሽ ዓሣ፣ እንደ ዳኒዮ ያለ፣ አምስት ስድስት ይሆናል። ጠላት እንዳለ ስለሚመስላቸው ጥንዱ እርስ በርስ ከመጣላት ይልቅ አብረው ይጠብቃሉ። ወለል ላይ የሚንቀሳቀስ ግን አይሁን። ኮሪዶራስና መስታወት የሚልሱ ዓሦች ሌሊት እንቁላል ይበላሉ፤ ቀን ደግሞ ወላጆቹ ዓይናቸውን ያጠፏቸዋል።

5. ምግብ

በየቀኑ ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ መጠን። መሠረቱ ጥሩ ደረቅ ምግብ ይሁን። ለማራባት ስታስቡ ለሁለት ሳምንት ያህል ሥጋ ነክ ጨምሩ፦ በረዶ የሆነ አርቴሚያ (የጨው ውሃ ደቃቅ ፍጥረት)፣ ከጓሮ የተቆፈረና የተከተፈ ትል፣ ከባልዲ የተጠለለ የትንኝ እጭ። እጩን ስታመጡ የምትችሉትን ብቻ፤ የተረፈው ክንፍ አውጥቶ እናንተን ይበላል። የእኔዎቹ ዓርብ ዓርብ ይጾማሉ። እናቴ ይህን ስትሰማ «እነሱስ ከእናንተ ይሻላሉ» አለች። ምክንያቱ ግን ሆዳቸው እንዲያርፍ ነው።

6. እንቁላል

ጥንዱ ከተግባባና ከጠገበ ብዙ ጊዜ ምንም ማድረግ አያስፈልግም። ካመነቱ የውሃውን ሩብ ለስለስ ባለ ውሃ ለውጡ፣ ሙቀቱን ወደ 27 ወይም 28 ቀስ ብላችሁ ከፍ አድርጉ። የዝናብ ወቅት መጣ ብለው ያስባሉ።

ምልክቶቹን ላስቆጥራችሁ። ሁለቱም ከዋሻው በአፋቸው አሸዋ እየዛቁ ያወጣሉ። በሩ ላይ ክምር ይሠራሉ። ከዚያ አንድ ቀን ሴቷ ትጠፋለች። ወንዱ ከበሩ ትንሽ ራቅ ብሎ እንደ ዘበኛ ይንጎራደዳል፣ የቀረበውን ሁሉ ያባርራል። ምግብ ሲጣል ሴቷ ብቅ ብላ ቶሎ ጎርሳ ትመለሳለች። እንቁላል አለ። ቀኑን ቀን መቁጠሪያ ላይ አክብቡ።

ከዚህ በኋላ የእናንተ ሥራ እጅ መሰብሰብ ነው። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ አላስቻለኝም። ሁለተኛው ቀን ላይ የዋሻውን ሸክላ ቀና አድርጌ በስልክ መብራት አየሁ። ሰማንያ የሚሆኑ፣ ሞላላ፣ ቡና ቀለም ያላቸው ፍሬዎች ጣሪያው ላይ ተለጥፈዋል። ሴቷ ክንፏን እያራገበች ውሃ ታንቀሳቅስላቸዋለች። እንዴት እንደሚያምር! ሸክላውን ቀስ ብዬ መለስኩት። በማግስቱ ጠዋት አንድም ፍሬ የለም። በልታቸዋለች። ቤቷ ተደፍሯል፤ ለማን ትተዋቸው?

ቆጠራው ይህን ይመስላል። እንቁላሉ በ2 ወይም 3 ቀን ይፈለፈላል። የሚወጡት ገና ዋናተኛ አይደሉም፤ ሆዳቸው ላይ የአስኳል ከረጢት ይዘው ዋሻው ወለል ላይ የሚርገበገቡ ጭራዎች ናቸው። ያንን አስኳል ሌላ 4 ወይም 5 ቀን ይመገባሉ። በ8ኛው ቀን አካባቢ እናትየዋ ይዛቸው ትወጣለች። የመጀመሪያውን፣ ሁለተኛውንም ዙር ሊበሉት ይችላሉ፤ ወጣት ወላጆች ናቸው፣ ይማራሉ። እንቁላሉ ነጭ ሆኖ ሻጋታ የሚያወጣ ከሆነ ወይ አልዳበረም፣ ወይ ውሃው ንጹሕ አይደለም።

7. ጫጩቶቹ ሲወጡ

የሚወጡበት ቀን ከመድረሱ ሁለት ቀን በፊት አርቴሚያ መፈልፈል ጀምሩ። ደረቅ እንቁላሉ በቆርቆሮ ይሸጣል። የአንድ ሊትር ተኩል ሃይላንድ ቂጡን ቆርጣችሁ ገልብጣችሁ አቁሙት። አንድ ሊትር ውሃ፣ 25 ግራም ጨው (አንድ የሾርባ ማንኪያ ተኩል ገደማ)፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እንቁላል። የአየር ቱቦውን እስከ ታች ድረስ አስገብታችሁ አንፈቅፍቁት፣ መብራት አጠገብ በ27 ዲግሪ ይሁን። ከ24 እስከ 36 ሰዓት ውስጥ ውሃው ብርቱካንማ ይሆናል። አየሩን ዝጉ፣ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ቅርፊቱ ይንሳፈፋል፣ ሕያዋኑ ከታች ይሰበሰባሉ። በቀጭን ቱቦ ሳቡ፣ በሻሽ አጥልሉ፣ በንጹሕ ውሃ እጠቡ፣ በመርፌ ሲሪንጅ ጫጩቶቹ መሃል ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ሆዳቸው ወዲያው ብርቱካንማ ይሆናል፤ ያን ካያችሁ በልተዋል ማለት ነው።

በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ በትንሽ በትንሹ። አርቴሚያ ካጣችሁ የተቀቀለ እንቁላል አስኳል በጨርቅ ጨምቃችሁ ጠብታ ብቻ መስጠት ይቻላል፤ ግን ውሃ ያበላሻል፣ የተረፈውን ሳቡ። ወላጆቹም ይረዳሉ፤ ደረቅ ቅጠሉን በአፋቸው አኝከው ይበትኑላቸዋል፣ አሸዋውን ገልብጠው ያሳዩአቸዋል።

ማምሻውን ተቀምጣችሁ እዩ። ብርሃኑ ሲደበዝዝ እናትየዋ ክንፏን ቶሎ ቶሎ ታርገበግባለች። ጫጩቶቹ ሁሉ ወደ መሬት ይወርዳሉ፣ ይጠጋሉ። አንዱ ግን ራቅ ብሎ ቀረ። ሄዳ ጎረሰችው። ልጄ አጠገቤ ነበረች፤ «አባዬ፣ በላችው!» ብላ ጮኸች። እናትየዋ ወደ ዋሻው በር ዋኘች፣ ቆመች፣ ተፋችው። እሱ ተንገዳግዶ ገባ። በዚያ ምሽት እራት ቀዘቀዘ። ለዚህ ነው መብራቱን ድንገት ዷ አድርጋችሁ አታጥፉ የምለው። የአኳሪየሙን አጥፉ፣ የክፍሉን ግማሽ ሰዓት ተዉላቸው፤ ልጆቻቸውን ይሰብስቡ።

አንዳንዴ በዚህ መሃል ጥል ይነሣል። ብዙ ጊዜ ሴቷ ወንዱን «አትረባም» ብላ ታባርረዋለች። ክንፉ ከተቀደደና ከላይ ጥግ ላይ ከተለጠፈ አውጡት ወይም በመካከል በመረብ ክፈሉ። ጫጩቶቹን በደንብ ከሚይዘው ጋር ተዉ፤ አንዳንዴ ወንዱ ይሻላል።

8. መብራት ሲጠፋ

ጋቢ። አልቀልድም። አኳሪየሙን ሁለት ዙር ጠቅልሉት፣ ከላይም ሸፍኑት፣ ትንሽ የአየር ክፍተት ትታችሁ። 100 ሊትር ውሃ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ሙቀቱ ከ22 በታች መውረድ ከጀመረ ሃይላንድ ውስጥ ትኩስ ውሃ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ አንሳፍፉ፣ ሲበርድ ቀይሩ። ከሙቀቱ ይልቅ የሚያስቸኩለው አየሩ ነው። በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ ካላችሁ ወዲያው። ከሌላችሁ በየሩብ ሰዓቱ በኩባያ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱት። ምግብ አትስጡ። መብራቱ ከብዙ ሰዓት በኋላ ከመጣ፣ ስፖንጁን ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ አለቅልቃችሁ ነው የምታስነሱት። በቧንቧ ውሃ አይሁን፤ እርሾው ይሞታል።

9. ማሳደግና መስጠት

ጫጩቶች ብዙ ይበላሉ፣ ብዙ ያቆሽሻሉ። በየሁለት ቀኑ አሥር በመቶ ውሃ ለውጡ፣ ሙቀቱ እኩል የሆነ። ስትስቡ የቱቦውን ጫፍ በስቶኪንግ እሰሩ፣ ባልዲውንም ከመድፋታችሁ በፊት እዩ። ሦስት አራት ሳምንት ሲሞላቸው ሴቷ ሆዷ እንደገና ይቀላል፣ ጫጩቶቹን መግፋት ትጀምራለች። ሌላ ዙር አስባለች። ያኔ ትልልቆቹን ወደ ሌላ ገንዳ አዛውሩ። ፆታቸው በ3 ወይም 4 ወር ይለያል። ራሳቸው ለመራባት ግማሽ ዓመት ወይም ትንሽ በላይ ይፈልጋሉ።

በአንድ ዓመት ከአንድ ጥንድ ሁለት ሦስት መቶ ልታገኙ ትችላላችሁ። ከመጀመራችሁ በፊት የት እንደምታደርጓቸው አስቡ። ወንዝ፣ ሐይቅ፣ የመናፈሻ ኩሬ ውስጥ አትልቀቁ። የሚበርደው ይሞታል፤ የማይሞተው ደግሞ ለአገሬው ዓሣ መዘዝ ነው። ለሰው ስትሰጡ ቀድሞ አንድ ቀን አትመግቧቸው። ላስቲኩን ሲሶ ውሃ፣ የቀረውን አየር ሙሉት፣ በጋዜጣ ጠቅልላችሁ ደረታችሁ ላይ ያዙት እንጂ ታክሲው ወለል ላይ አታስቀምጡት።

ጥንድ አድርጋችሁ ደግሞ አትስጡ። ስድስት ስጡ።